ከቀመር በፊት ያለው ሥራ፦ የሳዲ ካርኖ ጥያቄና የቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ ስለ እሳት አንቀሳቃሽ ኃይል የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1824 ሲያሳትም ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። በዚያን ዘመን የእንፋሎት ሞተር ሠሪዎች ሲሊንደሩንና ቫልቩን እያሻሻሉ ከተወሰነ የድንጋይ ከሰል የሚገኘውን ሥራ ለማብዛት ይደክሙ ነበር። ካርኖ ግን ከዚህ ዝርዝር ወጥቶ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ ይኸውም ሞተሩ በእንፋሎትም ሆነ በሌላ ጋዝ ቢሠራ፣ ከሙቀት ሊገኝ የሚችለው ሥራ ወሰን አለውን? የሚል ነው።

ለመልሱ በቅድሚያ ወደ ስሌት አልሄደም። ሞተሩን በሐሳቡ ገፎ ሦስት ነገሮች ብቻ አስቀረ፤ እነርሱም አንድ ትኩስ አካል፣ አንድ ቀዝቃዛ አካልና በመካከላቸው እየሠራ ወደ መነሻ ሁኔታው የሚመለስ ጋዝ ናቸው። ውኃ ከከፍታ ሲወርድ ወፍጮ እንደሚያዞር ሁሉ፣ ሙቀትም ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ ሥራ ይሰጣል ሲል አሰበ። ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ቢገኝ ከምንም ሥራ መፍጠር በተቻለ ነበር፤ ይህ ስለማይሆን ወሰኑን የሚወስኑት የሁለቱ አካላት መጠነ ሙቀቶች ብቻ ናቸው አለ።

በመጽሐፉ ሙቀት ሳይጎድል የሚያልፍ ረቂቅ ፈሳሽ ነው ብሎ መነሣቱ ስሕተት ነበር። ክላውዝየስ እ.ኤ.አ. በ1850 የሙቀቱ ከፊል ወደ ሥራ እንደሚለወጥ አሳይቶ ሐሳቡን አረመ፤ የወሰኑ ሕግ ግን ጸንቶ ቀረ። ደረጃዎቹን ትቶ ትክክልና ስሕተትን ብቻ የሚያርም መምህር ለካርኖ ስንት ማርክ ይሰጠው ነበር ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

በሜካኒክስ ረገድ ተመሳሳይ ጉዳይ በጥናት ታይቷል። ቺ፣ ፌልቶቪችና ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ጀማሪዎች የፊዚክስ ጥያቄዎችን በሚታየው ዕቃ፣ ማለትም በዘንበል ጠለሉ ወይም በሞላው ሲመድቡ፣ ሊቃውንቱ የመደቡት ጥያቄው በሚፈታበት መሠረተ ሐሳብ ነበር።

ማፍያው 100፣ ማቀዝቀዣው 27 ዲግሪ ሴልስየስ ነው የተባለ ተማሪ ልዩነቱን ለ100 አካፍሎ የሞተሩ ከፍተኛ ብቃት ከመቶ 73 ነው ይላል። ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1848 ባቀረበው የፍጹም መጠነ ሙቀት ሐሳብ መሠረት ግን 73 የሚካፈለው ለ373 ነው፤ ውጤቱም ከመቶ 20 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ የጎደለው የሒሳብ ችሎታ አይደለም። ተማሪው ቁጥር ሳይሰጠው በፊት ሥርዓቱን እንዲከልል፣ የሚገባውንና የሚወጣውን በሥዕል እንዲያመለክት፣ ጋዙ ወደ መነሻው መመለሱን እንዲመረምር ቢደረግ ቀመሩን በጭፍን አያነሣም። ይህ ልምምድ ጊዜ ይወስዳል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስድስት ጥያቄ ይሠራ የነበረ ክፍል ሁለት ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ የምዕራፎችን ብዛት የሚወስኑ እቅድ አውጪዎችም ይህን ከሒሳብ ማስገባት ይኖርባቸዋል።