ቁልፍ ሠሪው አባትና የሕፃናቱ ቱቦ

የአንድ ሕፃን ጭንቅላት ከመጠን በላይ ሲያድግ «ዓይን ነው፣ እርግማን ነው» የሚል አይጠፋም። ኧረ በሽታ ነው! አንጎል ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫው ሲዘጋበት ይጠራቀምና አንጎሉን ይጫናል። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል።

ለረጅም ዘመን ለዚህ በሽታ አስተማማኝ ሕክምና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 ፍራንክ ነልሰንና ዩጂን ስፒትዝ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ደም ሥር የሚያወርድ ባለ ቫልቭ ቱቦ ሞከሩ። ይህ ቱቦ ሻንት ይባላል (ሽንት እንዳትሉት!)። በ1955 ደግሞ ጆን ሆልተር የተባለ የቁልፍ ፋብሪካ ቴክኒሽያን ኬሲ የተባለ ልጅ ተወለደለትና ይኸው በሽታ ያዘው። አባት ቁጭ ብሎ ብቻ አላለቀሰም፤ የተሻለ ቫልቭ ከሲሊኮን ሠራ። በ1956 ቫልቩ ለሕፃናት መገጠም ጀመረ። ኬሲ በልጅነቱ ቢያርፍም የአባቱ ሥራ የብዙ ልጆችን ሕይወት አተረፈ። ዛሬ ቱቦው ብዙውን ጊዜ ፈሳሹን የሚያወርደው ወደ ሆድ ዕቃ ነው።

ታዲያ ቱቦ አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ ነገር አይደለም። ሊደፈን፣ ሊነቀል፣ ሊመረዝ ይችላል። ሐኪም ቤት ለራቀበት ቤተሰብ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ ኡጋንዳ፣ በምባሌ ከተማ፣ ዶክተር ቤንጃሚን ዎርፍ ይህን አይተው ለብዙ ሕፃናት ያለ ቱቦ፣ በአንጎል ውስጥ ለፈሳሹ አዲስ መንገድ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና አስፋፉ። እዚያ ካዩዋቸው ሕፃናት የብዙዎቹ መነሻ ሲወለዱ የነበረ ሳይሆን በኋላ የያዛቸው ኢንፌክሽን መሆኑንም በ2005 አሳወቁ። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው።

እኛ ሀይ ጀላባ ያለን መምህራንና ወላጆች ቀዶ ጥገና አንሠራም። ማየት ግን እንችላለን። የሕፃን እርግብግቢት ካበጠ፣ ጭንቅላቱ በፍጥነት ካደገ፣ ዓይኑ ወደ ታች ከወረደ አንዘግይ። ቱቦ ያለው ተማሪ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው ወይም ክፍል ውስጥ ያለ ወትሮው ካንቀላፋ «ሰነፍ» ብለን አንቆጣው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እናድርሰው። ነገ ማለት ሊዘገይ ይችላልና።