ጀግናና አርአያ በጉለሌ

ከጉለሌ ወደ ፒያሳ ሲወረድ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጀግናና ስለ አርአያ የሚያወራ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም። የሰላሌው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ሄደው ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው፤ የተመደቡትም ለወሎ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሲይዝ ከሰላሌ አርበኞች ጋር ወገኑ። አርበኞቹ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሲከሽፍ ተያዙ። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፤ ይልቁንም ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ።

ጸሐፌ ተውኔቱ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው ከዚህ ግድያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጳጳሱን በዓይኑ ያላየው ይህ ሰው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚለው ተውኔቱ የመጨረሻ ሰዓታቸውን መድረክ ላይ አወጣው። ተውኔቱ ለአቡነ ጴጥሮስ የሰጣቸው ትልቁ ነገር ፍርሃትና ጭንቀት ነው ማለት ይቻላል። ሐውልቱ ጸንተው የቆሙትን ሰው ያሳያል፤ መድረኩ ግን ከመጽናታቸው በፊት ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ያሰማል። ተመልካች የሚቀርበው ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው።

ከናካቴው ያልኖረ ሰውም አርአያ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ካሳ ዳምጤ የባላባት ወገን ሆኖ ሳለ የባላባቱን ሥርዓት ይነቅፋል፤ አገሬው «ጉዱ ካሳ» እያለ እንደ እብድ ይቆጥረዋል። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችሉም ሰሙት። ዛሬም እውነት ተናግሮ ብቻውን የቀረ ሰው ሲገኝ የጉዱ ካሳ ስም ይነሣል። ደራሲው ራሳቸውም በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው ኢጣሊያ ውስጥ ለዓመታት ታስረዋል።

ወደ እንጦጦ ከተወጣ አርአያው ሯጭ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አትሌቶች ገና ሳይነጋ በባሕር ዛፉ መሐል ይሮጡበታል። የሁሉም ታላቅ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። በ1957 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት ድጋሚ አሸነፈ፤ ከገባም በኋላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ አፉን ይዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ውርስ ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሞስኮ ላይ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ የሰባት ዓመቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ በአባቱ ሬዲዮ ይከታተል ነበር። ኃይሌ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ደብተር የያዘበት ክንድ በኋላም ሪከርድ ሲሰብር እንደታጠፈ ቀረ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆነች። ሁለተኛ ከወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ፤ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ታግዳ ቆይታ የተመለሰችበት ኦሊምፒክ ነበርና ትርጉሙ ከሜዳው አልፏል። የደራርቱን ዱካ የተከተለችው ዘመዷ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ቤጂንግ ላይ በ5,000ና በ10,000 ሜትር አሸነፈች።

ሐውልት ያልቆመላቸው አርአያዎች ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ሰፈር ይገኛሉ። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በሰፈሩ የሽመናን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲያሻግሩ ኖረዋል። ልጅ መጀመሪያ ክር ያጠነጥናል፤ ከዚያ አባቱ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚልክ፣ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ቀለም እንዴት እንደሚቆጥር አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። በዓል ሲቃረብ በየሱቁ ደጃፍ የሚሰቀለው የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ከዚህ ትምህርት የወጣ ነው።