የቴነር ኡኩሌሌ አራተኛ አውታር፤ የልሙጥና የጥምጥም ክርክር በታሪክ ሲመዘን

ባለፈው ዓመት አንድ መምህሬ ወደ አገሩ ሲመለስ ቴነር ኡኩሌሌውን ሰጠኝ። አራተኛው አውታር ተበጥሶ ስለ ነበር በምን ዓይነት እንደምተካው ሁለት ጓደኞቼን አማከርሁ። አንደኛው፣ «ሽቦ የተጠመጠመበትን ግዛ፤ ልሙጡ የጥንት ነው፣ ዘመኑ አልፎበታል» አለኝ። ሁለተኛው ግን፣ «እውነተኛው ልሙጡ ነው፤ ጥምጥሙ ከጊታር የተዋሱት እንግዳ ነገር ነው» ሲል ተቃወመው። ወፍራሙ ልሙጥ አውታር እንዲገባ ደግሞ በአንገቱ ጫፍ ላይ አውታሩ የሚያርፍበትን ሰርጥ በሞረድ ማስፋት ያስፈልጋል። በሞረድ የተበላ ነገር ተመልሶ አይሞላም። ስለዚህ ሞረዱን ከማንሣቴ በፊት፣ ሁለቱ ጓደኞቼ ስለ ዘመን የተናገሩት እውነት መሆን አለመሆኑን ከታሪክ ለመመርመር አሰብሁ። የዚህም አጭር ጽሑፍ አሳብ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኡኩሌሌ የሃዋይ ደሴቶች መሣሪያ ተብሎ ቢታወቅም ዘሩ ከፖርቱጋል ነው። በ1879 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ፣ በሸንኮራ እርሻ የሚሠሩ ከ400 የሚበልጡ የማዴይራ ደሴት ሰዎችን ይዛ ሆኖሉሉ ገባች። ከነዚህ መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ ሦስት የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ። እነርሱም ማሼት የተባለውን ባለ አራት አውታር የአገራቸውን መሣሪያ መሠረት አድርገው፣ ኮአ ከተባለው የሃዋይ እንጨት ትንንሽ መሣሪያዎች መሥራት ጀመሩ። ንጉሥ ካላካዋም መሣሪያውን ስለ ወደደው በቤተ መንግሥቱ ይሰማ ነበር።

ያ የመጀመሪያው ኡኩሌሌ፣ ዛሬ ሶፕራኖ የምንለው፣ የሚንቀጠቀጠው የአውታሩ ርዝመት 35 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። አውታሮቹም ከአንጀት የተሠሩና ልሙጥ ነበሩ። በተለመደው ቅኝት አራቱ አውታሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ይባላሉ። ነገር ግን አራተኛው አውታር ሶል፣ ከሁሉ በላይ የተቀመጠ ቢሆንም፣ ከሁሉ ወፍራም ድምፅ ያለው አይደለም፤ ከዶና ከሚ ይልቅ ቀጭን ነው። ስለ ሆነም ወፍራም ድምፅ የሚያሰማ አውታር ስላልነበረው ሽቦ የሚጠመጠምበት ምክንያት አልነበረም።

ይህም የሆነው ጥምጥም አውታር ገና ስላልታወቀ አይደለም። ፈረንሳዊው መርሴን በ1636 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የአውታር ድምፅ እንዲወፍር አውታሩ መርዘም፣ ወይም መላላት፣ ወይም መክበድ አለበት። የኛ በገና ወፍራም ድምፁን ያለ ሽቦ የሚያሰማው የአንጀት አውታሩ ረጅምም ወፍራምም ስለ ሆነ ነው። አጭር መሣሪያ የያዘ ሰው ግን ርዝመትን ከየት ያመጣል? አውታሩን ከመጠን በላይ ቢያላላው ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ የሚቀረው ማክበድ ነው። በ1664 ዓ.ም. የለንደኑ የሙዚቃ መጻሕፍት ነጋዴ ጆን ፕሌይፎርድ ሽቦ የተጠመጠመባቸውን አውታሮች እንደ አዲስ ፈጠራ አስታውቋል። በፈረንሳይም ዣን ሩሶ በ1687 ዓ.ም. እነዚህን አውታሮች ያስለመደው ሴንት ኮሎምብ የተባለው የቪዮል ተጫዋች መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ራቨንስክራግ ሆኖሉሉ ስትደርስ ጥምጥም አውታር ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው።

ክርክሩ በኡኩሌሌ ላይ የተነሣው መሣሪያው ባደገ ጊዜ ነው። በ1915 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው ታላቅ ትርኢት የሃዋይን ሙዚቃ ለአሜሪካኖች አስወደደ። በ1920ዎቹም የበለጠ ድምፅ እንዲገኝ ተብሎ ተለቅ ያሉ ኡኩሌሌዎች ተሠሩ። ከነዚህ አንዱ ቴነር ነው፤ የአውታሩ ርዝመት 43 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ሆዱ ስለ ሰፋ አንዳንድ ተጫዋቾች ሶልን ወደ ታችኛው ሶል አወረዱት፤ ይኸውም በሴኮንድ 392 ጊዜ መንቀጥቀጡ ቀርቶ 196 ጊዜ እንዲሆን ነው።

ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ እንየው። አውታሩ ናይሎን፣ ውጥረቱም 5 ኪሎ ያህል ነው ብንል፣ ለቀጭኑ ሶል 0.7 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። ለወፍራሙ ሶል ግን ክብደቱ አራት እጥፍ መሆን ስላለበት ውፍረቱ ወደ 1.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል የወፈረ አውታር እንደ ልብ አይታጠፍም፤ ድምፁ ይታፈናል፣ ጣት ሲያርፍበትም ቅኝቱ ይዛባል። ጥምጥሙ ይህን ችግር ያቃልላል፤ ውስጡ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ክብደቱን ሽቦው ይሰጠዋል። ነገር ግን ነውር አያጣም። ጣት ሲንሸራተትበት ይንጫጫል፤ ሽቦው ብረቶቹን በሚነካበት ቦታ እያደር ይበላል፤ ድምፁም ከሦስቱ ልሙጦች ተለይቶ ይጎላል።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የለወጠው የአውታሩ ቁስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንጀት ለቁስል መስፊያ ስለ ተፈለገ ለሙዚቃ እጥረት ሆነ። በ1940ዎቹ አልበርት አውገስቲን በኒው ዮርክ ለጊታር የናይሎን አውታር ሠራ፤ ኡኩሌሌም ወደ ናይሎን ዞረ። ቀጥሎ በ1970ዎቹ በጃፓን ፍሎሮካርቦን የተባለው ቁስ ለዓሣ ማጥመጃ ክር ዋለ። የናይሎን እፍጋት ከውሃ 1.14 ጊዜ ሲሆን የዚህ 1.78 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ወፍራም ሶል በ1.1 ሚሊሜትር ልሙጥ አውታር ሊሰማ ቻለ። አንደኛው ጓደኛዬ ዘመኑ አልፎበታል ያለው ልሙጥ አውታር እንግዲህ ከጥምጥሙ 300 ዓመት ያህል ያነሰ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛውም ጓደኛዬ ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልረታም። ጥምጥሙ እንግዳ ከሆነ ወፍራሙ ሶል ራሱ እንግዳ ነው፤ በጥንቱ ቅኝት ለሚጫወት ሰው ደግሞ ክርክሩ ከነጭራሹ አይነሣም። ጥያቄው እንግዲህ የዘመን ሳይሆን፣ በአጭር አውታር ላይ ወፍራም ድምፅ የሚፈልግ ሰው በምን ይከፍላል የሚል ነው። አንዱ በጣት ጩኸት ይከፍላል፤ ሌላው በውፍረት። ወፍራሙን ሶል ለዜማ ብቻውን ለሚመታ፣ ጉልህ ድምፅም ለሚሻ ሰው ጥምጥሙ ይስማማዋል። አራቱን አውታሮች በአንድነት እየመታ ለሚዘፍን ግን ድምፃቸው እንዲመሳሰል ልሙጡ ይሻላል።

እኔም ሰርጡን ለካሁት። ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት ያንሳል፤ ጥምጥሙን ይቀበላል፣ ፍሎሮካርቦኑን ግን አይቀበልም። በኅብረት ስለምዘምር ልቤ ወደ ልሙጡ ቢያደላም፣ የመምህሬን መሣሪያ በአንድ ክርክር ምክንያት ልሞርደው አልደፈርሁም። ጥምጥሙን አስገባሁ። የጣቴን ጩኸት ካልቻልሁት ሰርጡን በሚመጣው ዓመት ማስፋት እችላለሁ፤ አስፍቼ ብጸጸት ግን ማጥበብ አልችልም።