የስደተኞች መጠጊያ የሆኑት ስደተኛ

ስለ ስደት ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ሶሐቦች በነጃሺ ሀገር ያገኙት መጠጊያ ነው። ዛሬ ደግሞ ክርስቲያን ስደተኞች በሙስሊም ቤት የተጠለሉበትን ታሪክ እናወጋችኋለን።

አሚር አብዱልቃድር አል-ጀዛኢሪ (ረሒመሁላህ) የፈረንሳይን ወረራ ለ15 ዓመታት ያህል የተዋጉ የአልጄሪያ መሪና ዓሊም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1847 እጃቸውን የሰጡት ወደ ሙስሊም ሀገር እንዲሄዱ ቃል ተገብቶላቸው ነው። ፈረንሳዮች ግን ቃላቸውን አጥፈው ከነቤተሰባቸው እስከ 1852 አሰሯቸው። ከተፈቱ በኋላ ቱርክ ውስጥ በቡርሳ ቆይተው በ1855 ደማስቆ ገቡ። እሳቸውም በጦርነት ከሀገራቸው የተነቀሉ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

በ1860 በሊባኖስ ተራራ ድሩዝ በሚባሉት ሕዝቦችና በማሮናይት ክርስቲያኖች መካከል ጦርነት ተነሳ። በሺዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያኖች ወደ ደማስቆ ሸሹ፤ መጠጊያ ያጡት በቤተ ክርስቲያን ግቢና በየመንገዱ አደሩ። ጁላይ 9 ቀን ግን እሳቱ ደማስቆ ውስጥም ተቀጣጠለ። የክርስቲያኖቹ ሰፈር ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተገደለ። ከገዳዮቹ መካከል ሙስሊም ነን የሚሉ ነበሩበት፤ ይህን መሸፋፈን አይገባንም።

አሚሩ አልጄሪያውያን ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደዚያው ሰፈር ገቡ። ያገኙትን ሁሉ ወደ ቤታቸው አመጡ። ቤቱ ሲሞላ በቡድን በቡድን እያጀቡ ወደ ከተማዋ ምሽግ ያሻግራሉ፤ ቦታ ሲለቀቅ ሌሎች ይገባሉ። ሁከተኞቹ ደጃቸው ድረስ መጥተው «አሳልፈህ ስጠን» ቢሏቸው እምቢ አሉ። የሚዳን ሰፈር ሙስሊም ሽማግሌዎችም ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን አላስነኩም። በኋላ ብዙዎቹ ስደተኞች በአጀብ እስከ ቤይሩት ተሸኙ።

ይህ ሽኝት በዘፈቀደ የመጣ አይመስለንም። የሱረቱ ተውባ 6ኛ አንቀጽ ጥበቃ የጠየቀ ሙሽሪክ እንኳ ተጠልሎ ሲያበቃ ለነፍሱ ወደማይሰጋበት ቦታ እንዲደርስ ያዛል። ለአንድ ሌሊት በር ከፍቶ በማግስቱ መተው አይበቃም።

ስደተኛ ሲመጣ «የማን ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየሰፈራችን ይሰማል። አሚሩ በ1862 ለአልጀርሱ ጳጳስ በጻፉት ደብዳቤ፣ ያን ያደረጉት ሸሪዓውና የሰው ልጅነት መብት ስላስገደዷቸው መሆኑን ገልጸዋል። የተዋጓት ፈረንሳይም ከፍተኛ ኒሻኗን ሰጠቻቸው። በ1883 በዚያው በደማስቆ አረፉ። አፅማቸው ወደ ሀገራቸው የተመለሰው አልጄሪያ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።