ለመጥበስ የሚሻለው ዘይት የትኛው ነው?

በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በሌሎች የመንዝና የግሼ ደጋማ ከተሞች፣ ማታ ፈሳሽ የነበረ ዘይት ጠዋት በጀሪካን ውስጥ ረግቶ ይገኛል። በአገሪቱ በስፋት እንደሚነገረውም፣ የሚረጋ ዘይት በሰው ደም ሥር ውስጥም ይረጋል ተብሎ ይፈራል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ከመርጋቱ የተለየ ነው።

ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ እየገባ በሸማቾች ማኅበራት በኩል የሚከፋፈለው ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው። ይህ ስብ በቅዝቃዜ ይጠጥራል። ፈሳሽ ሆኖ የሚሸጠው የፓልም ዘይት እንኳ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መደፍረስና መርጋት ይጀምራል። ስለዚህ መርጋቱ ዘይቱ ለመበላሸቱ ምልክት አይደለም። የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ በመሆኑም ዘይቱ በደም ውስጥ እንደ ጀሪካኑ አይረጋም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ በደም ውስጥ ጎጂውን ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ይህም በዓመታት ሂደት በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ከሳቹሬትድ ስብ የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው፤ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ ፓልም ዘይት ብቻውን ይሞላዋል። ከዚህ የከፋው ትራንስ ፋት ሲሆን፣ በዋነኛነት የሚገኘው በከፊል ሃይድሮጂን ከተጨመረበት ዘይት ነው። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በፋብሪካ የሚመረተው ትራንስ ፋት ከምግብ እንዲወገድ ጥሪ አቅርቧል። ገዢዎች በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚጠቅማቸው ለዚህ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው መጥበሻው እሳት ላይ ሲጣድ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ መገኛው የሆነው ኑግ ከዘይቱ 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ ቅባት በሳቹሬትድ ስብ ምትክ ሲበላ ለልብ ይበጃል፤ ነገር ግን በአየርና በኃይለኛ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። የሱፍ አበባ ዘይትም በዚህ ይመስለዋል። ተልባ ከሁሉም ይልቅ ስስ ስለሆነ ለመጥበስ አይሆንም፤ ጥቅሙ ያለ እሳት ሲበላ ነው። ሰሊጥ መበላሸትን የሚከላከሉ የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ስላሉት የተሻለ ይቋቋማል። ፓልም ደግሞ እሳት ይችላል። እንግዲህ በምጣድ የሚጸናው ለልብ አይመረጥም፤ ለልብ የሚመረጠውም በምጣድ አይጸናም።

ፓልምን ሸሽቶ ወደ ቅቤ መሄድም መፍትሔ አይሆንም። ንጥር ቅቤ ሙቀት ቢችልም፣ የሳቹሬትድ ስቡ መጠን ከፓልም ይበልጣል።

ከዘይቱ ዓይነት እኩል የሚያሳስበው ስንት ጊዜ መሞቁ ነው። ፓስቲ፣ ሳምቡሳ ወይም የድንች ጥብስ የተሠራበት ዘይት ደጋግሞ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋ ያበዛል፣ ከወትሮው ቀድሞም ይጨሳል። በዘይቱ ውስጥ በመበላሸት የሚፈጠሩት ውሕዶች ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲደርሱ እንዲጣል የሚያስገድዱ የአውሮፓ አገሮች አሉ። መለኪያ በሌለበት ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ሲታይ ዘይቱን ማስወገድ ይገባል። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር አዲሱንም ቶሎ ያበላሸዋል።

ደጋው የራሱ ፈተና አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በሚጠበስ ምግብ ውስጥ ያለው እርጥበትም ቀድሞ ይፈላል፤ ውስጡም ዘግይቶ ይበስላል። ውጪው ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እሳት መጨመር ዘይቱን ያጨሳል እንጂ ውስጡን አያፈጥነውም። የሚበጀው እሳቱን ቀንሶ ጊዜውን ማርዘም ነው።

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ሥራ የጀመረው ፊቤላን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ቢኖሩም፣ ለብዙ ቤተሰብ ምርጫውን የሚወስነው ዋጋ ነው። ከማኅበር ፓልም ብቻ የሚያገኝ ቤተሰብ ዘይቱን መጣል አያስፈልገውም፤ አልፎ አልፎ ለሚጠበስ ነገር በልክ ሊጠቀምበት ይችላል። ኑግ ወይም የሱፍ አበባ ዘይት የሚያገኝ ደግሞ በየዕለቱ ለሚሠራው ወጥ ቢያውለው ይሻላል፤ ወጥ ውስጥ ውኃው ሙቀቱን ስለሚገታው ዘይቱ አይጎዳም። በመጭመቂያ ወጥቶ ያልተጣራ የኑግ ዘይት ከተጣራው ቀድሞ ስለሚጨስ ለጥብስ አይመረጥም። የትኛውም ዘይት መጨስ ከጀመረ ከእሳት መውረድ፣ ከተጠቀሙበት በኋላም ተጠልሎና ተከድኖ ብርሃን በሌለበት መቀመጥ አለበት።