የማኅበርተኛነት ቃልና የራያ ምድር ምስክርነት

አንድ ነጻ መንግሥት ወደ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲገባ ሁለት ቃሎች ይሰጣሉ፤ አንዱን ገቢው፣ ሌላውን ተቀባዮቹ። በአገራችን ታሪክ የገቢው ቃል የተመረመረው በጄኔቭ ከተማ ነው። የተቀባዮቹ ቃል ግን የተፈተነው ከቆቦና ከአላማጣ ሜዳ በላይ፣ በቆረምና በአሸንጌ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1915 ዓ.ም. መጨረሻ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ማመልከቻዋን ስታቀርብ፣ ነጻነቷ ከአድዋ ድል ወዲህ የታወቀ ቢሆንም ጥያቄው በቀላሉ አልታለፈም። የባሪያ ንግድና የጦር መሣሪያ ጉዳይ ተነሣ፤ እንግሊዝ ስታመነታ ፈረንሳይ ደገፈች። ኢትዮጵያም ባርነትን ለማስወገድና የመሣሪያ ንግድን ደንብ ለመጠበቅ በፊርማዋ ግዴታ ገባች። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተቀበላት። ኢጣልያም ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች።

በማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ መሠረት አባሎቹ አንዳቸው የሌላውን የግዛት አንድነትና ነጻነት ከውጭ ወራሪ ለመጠበቅ ተስማምተው ነበር። ይሁን እንጂ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ የኤኮኖሚ ማዕቀብ ቢጥልም፣ ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በራያ ምድር ተከፈለ። የካቲት 25 ቀን በቆረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር በአውሮፕላን ተደበደበ። የመርዝ ጋዝ በሰውና በከብት ላይ ተረጨ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተዋጋው ሠራዊት በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ፣ ቀደም ሲል በደረሰባቸው ቅጣት ያዘኑ የራያና አዘቦ ተዋጊዎች በጠላት መሣሪያ ታጥቀው አጠቁት። ወራሪው በቆቦ ሜዳ በኩል ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ መርዙ መሰከሩ፤ ማኅበሩ ግን በሐምሌ ወር ማዕቀቡን አነሣ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ለአዳዲስ ነጻ አገሮች በሩን አሰፋ። ማንኛውም ሉዓላዊ የአፍሪካ አገር ፈቃዱን ለዋና ጸሐፊው አስታውቆ፣ በአባሎች ተራ የድምፅ ብልጫ ይገባ ነበር። በዚህም ለገቢው የሚቀርበው ጥያቄ ቀለለ። ለተቀባዮቹ የሚቀርበው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ አባሉ በተጠቃ ቀን ቃላቸውን ይጠብቃሉን?