ዕድሜ፣ የስምሪት ሰሌዳና የሐኪም ፊርማ፦ የአሜሪካ አንጋፋ ሹፌሮች የጤና ብቃት ታሪክ

በዕድሜ የገፋ ሹፌር ከባድ ተሽከርካሪ ለመንዳት ብቁ ነውን? ተብሎ ሲጠየቅ የሐኪሙ ሐሳብ በቅድሚያ የሚያመራው ወደ ዓይን፣ ወደ ልብ፣ ወደ ደም ግፊትና ወደ ስኳር ሕመም ነው። ጥያቄው ከሰማንያ ዓመታት በላይ በሕግም በሕክምናም ሲመረመር በቆየባት በአሜሪካ ግን መልሱን የወሰነው የሹፌሩ አካል ብቻ አልነበረም። የትኛው ሹፌር የትኛውን መስመር በየትኛው ሰዓት እንደሚነዳ የሚደለድለው የነባርነት ቅድሚያም የራሱን ፍርድ ሲሰጥ ኖሯል። የጤና ብቃትና የሥራ ተራ በተለያዩ መዛግብት የሚጻፉ ጉዳዮች ስለሆኑ ግንኙነታቸው ብዙ ጊዜ ከመርማሪው ሐኪም ይሰወራል። በ1970ዎቹ በፍርድ ቤት የተደረጉ ክርክሮች ግን አንዱ በሌላው ውስጥ ተሸሽጎ እንደነበር አሳይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ 1935 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ዕቃና መንገደኛ የሚያመላልሱ ድርጅቶችን በኢንተርስቴት ኮሜርስ ኮሚሽን ቁጥጥር ሥር አደረገ፤ ኮሚሽኑም የሹፌሮችን ብቃትና የሥራ ሰዓት የመወሰን ሥልጣን አገኘ። የሰዓቱ ጉዳይ ብዙ ክርክር ስላስነሣ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ጥናት እንዲያደርግ ተጠየቀ። ተመራማሪዎቹ በባልቲሞር፣ በናሽቪልና በቺካጎ ከ800 በላይ የጭነት መኪና ሹፌሮችን መርምረው ውጤቱን በ1941 አሳተሙ። የእጅ መረጋጋት፣ የምላሽ ፍጥነት፣ ቀጥ ብሎ የመቆም ችሎታና ሌሎችም ተለኩ። ረጅም ሰዓት የነዱት ሹፌሮች፣ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ገና መሪ ካልጨበጡት ይልቅ ዝቅተኛ ውጤት አስመዘገቡ። የጥናቱ ማዕከል የሹፌሩ የልደት ዘመን ሳይሆን ከመጨረሻው እንቅልፍ ወዲህ የነዳው ሰዓት እንደነበረ ልብ ማለት ያሻል። ይህ ፍሬ ነገር ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ዳኞች ፊት ሲቀርብ የተረሳ ይመስል ነበር።

በዚያው ዘመን ቲምስተርስ የተባለው የሠራተኞች ማኅበር በማመላለሻው ሥራ ውስጥ እየጠነከረ ሄደ። ማኅበሩ አጥብቆ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ የነባርነት ቅድሚያ ነበር። ምክንያቱም ቅድሚያው በውል ካልተጻፈ ጥሩው መስመር የሚደርሰው ስምሪት ሹሙ ለወደደው ወይም እጅ መንሻ ለሰጠው ነው፤ የቅጥር ቀን ግን አያዳላም። በ1964 በጂሚ ሆፋ መሪነት የተፈረመው ብሔራዊ የጭነት ስምምነት ከ400 ሺህ በላይ ሠራተኞችን በአንድ ውል ሥር ሲያሰባስብ፣ ነባር የመምረጥ፣ አዲስ ገቢ የተረፈውን የመውሰድ ሥርዓት በብዙ መናኸሪያዎች ሥር ሰድዶ ነበር። ነባሩ የታወቀ መስመርና የታወቀ ሰዓት ይመርጣል። አዲሱ በተጠባባቂነት ተመዝግቦ ስልክ ይጠብቃል፤ ሥራ ሲቀንስም በመጀመሪያ የሚሰናበተው እርሱ ነው። ወጣቱ ማጉረምረሙ አልቀረም፤ ነባሩም የሃያ ዓመት ድካሙን ዋጋ ለማስነካት ፈቃደኛ አልነበረም።

ሥርዓቱ ከሕክምና አንጻር ሲታይ መልካም ጎን አለው። ሌሊት መሥራትና እንቅልፍን ማዛባት ከዕድሜ ጋር እየከበደ ስለሚሄድ፣ የሰውየው አቅም ሲደክም ሥራውም አብሮ ይቀልለታል። ይህ የሚሠራው ግን በወጣትነቱ ተቀጥሮ በአንድ ድርጅት ለቆየ ሰው ነው። በ45 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ሰውነቱ የጎልማሳ፣ ተራው የጀማሪ ይሆናል። ለወጣት የተተወው እጅግ አድካሚ ሥራ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ይህ ችግር ወደ አደባባይ የወጣው በጭነት መኪና ሳይሆን በአውቶቡስ ሹፌሮች ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ የጤናና የሥራ ሰዓት ደንቦች ሁለቱንም ይመለከቱ ነበርና ክርክሩ ለሁለቱም ይበጃል። በ1967 የወጣው ሕግ ከ40 እስከ 65 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሠራተኞች ከዕድሜ አድልዎ ጠበቀ (ጣሪያው በ1978 ወደ 70 ከፍ ብሎ በ1986 በአብዛኛው ተነሥቷል)። ሆኖም ሕጉ አንድ በር ትቶ ነበር፤ ዕድሜ ለሥራው በእውነት አስፈላጊ መመዘኛ መሆኑን ያስረዳ አሠሪ በዕድሜ መለየት ይችላል። ግሬይሃውንድ የተባለው ታላቅ የአውቶቡስ ድርጅት ዕድሜው 35 የሞላውን አመልካች ለሹፌርነት አይቀጥርም ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከሰሰው።

ድርጅቱ በመከላከያው ያቀረበው የሕክምና ምስክርነት ለጤና ባለሙያ ትኩረት የሚሳብ ነው። ከ35 ዓመት ገደማ ጀምሮ በሰውነትና በስሜት ሕዋሳት ላይ የሚታየው ለውጥ የመንዳትን ችሎታ ይቀንሳል፤ ለውጡም በተለመደው የአካል ምርመራ አይገኝም ተባለ። እንግዲያው ሐኪም ሊያገኘው የማይችለውን ድካም የልደት ቀን ያገኘዋል ማለት ነው። በመቀጠልም ድርጅቱ የተጠባባቂዎችን ሰሌዳ አነሣ። አዲስ ሹፌር በዚህ ሰሌዳ ላይ ተመዝግቦ በሌሊትም በቀንም በአጭር ማስታወቂያ እየተጠራ፣ ወዳልለመደው መስመር ይላካል። መደበኛውን መስመር ነባሮቹ በቅድሚያ ስለሚይዙት በሰሌዳው ላይ ረጅም ዓመታት መቆየቱ አይቀርም። ይህን ኑሮ አርባ ያለፈው ሰው አይችለውም የሚል ነበር መከራከሪያው።

ድርጅቱ ከራሱ መዝገብ ያወጣው ሌላ አኃዝ ደግሞ ነገሩን እንግዳ አደረገው። ከሹፌሮቹ ሁሉ አደጋ በማድረስ ዝቅተኛ የሆነው ዕድሜው ከ50 እስከ 55 የሆነ፣ በድርጅቱ 16 ዓመት ያገለገለ ሹፌር ነበር። ተራ አንባቢ ይህን ሲያይ ጉዳዩ ለአንጋፋዎቹ የተረታ ይመስለዋል። በ1974 የወሰነው የቺካጎው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ከዚሁ አኃዝ ተቃራኒውን ደመደመ። በ40 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው 16 ዓመት ሲያገለግል 56 ይሞላዋልና ያንን የልምድና የዕድሜ ቅንጅት ፈጽሞ አያገኘውም አለ። ድርጅቱም አሸነፈ።

የኤፒዲሚዮሎጂ ትምህርት የቀመሰ ሰው በዚህ አኃዝ ላይ ቢያንስ ሁለት ነገር ይጠይቃል። በመጀመሪያ፣ በ52 ዓመታቸው በሥራ ላይ የተገኙት ሹፌሮች ጤናቸው የጸናላቸው ብቻ ናቸው፤ የታመሙት፣ አደጋ ያደረሱትና በምርመራ የወደቁት ቀድመው ከመዝገቡ ወጥተዋል። ሁለተኛ፣ ነባርነት ልምድን ብቻ ሳይሆን የተሻለ መስመርና የተሻለ እንቅልፍንም ይሰጣል። ስለዚህ ከአደጋው መቀነስ ምን ያህሉ ከልምድ፣ ምን ያህሉ ከስምሪት፣ ምን ያህሉ ከዕድሜ እንደመጣ ከአኃዙ ብቻ መለየት አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ግን ሁሉንም የዕድሜና የልምድ ውጤት አድርጎ ተቀበለው። አድካሚው የተጠባባቂነት ሥራ ለምን ለአዲስ ገቢ ብቻ እንደሚመደብ የሚወስነው የድርጅቱና የማኅበሩ ውል ነው፤ በፍርዱ ግን ይህ ውል እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጠረ፣ የ40 ዓመቱ ሰው አካል ደግሞ እንደ ጉድለት።

በ1976 ተመሳሳይ ክርክር በደቡቡ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተነሣ። ታሚያሚ ትሬይል ቱርስ የተባለው ድርጅት ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሹፌር አይቀጥርም ነበር፤ እርሱም ረታ። ይሁንና ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መለኪያ ለሐኪሞች ሥራ ትልቅ ትርጉም ነበረው። አሠሪው ከዕድሜ ገደቡ በላይ ያሉት ሁሉ ወይም ሁሉም ለማለት የሚያስደፍሩት ሥራውን በደኅና መሥራት እንደማይችሉ ማስረዳት አለበት፤ አለዚያም እያንዳንዱን ሰው ለይቶ መመርመር የማይቻል ወይም እጅግ አዳጋች መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ክርክሩ ምርመራ ምን ያህል ያያል? ወደሚለው ተዛወረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ይህንኑ መለኪያ ሲያጸድቅ አሠሪው ተሸናፊ ሆነ። ጉዳዩ የዌስተርን አየር መንገድ ነበር፤ ካፒቴኖች 60 ሲሞላቸው ወደ በረራ መሐንዲስነት ወርደው ለመሥራት ጠይቀው ተከልክለው ነበር።

ነባርነት ሌላም ገጽታ ነበረው፤ ይህኛው የቆዳ ቀለም ነው። በ1977 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው የቲምስተርስ ጉዳይ ቲ.አይ.ኤም.ኢ.-ዲ.ሲ. የተባለውን የጭነት ድርጅት ይመለከታል። በ1971 ድርጅቱ ከነበሩት 1,828 አገር አቋራጭ ሹፌሮች ጥቁሮቹ 8 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም የተቀጠሩት ክሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ሌሎቹ ጥቁር ሠራተኞች በከተማ ውስጥ ሹፌርነትና በመጋዘን ሥራ ተወስነው ቆይተዋል። ከእነርሱ አንዱ ወደ አገር አቋራጩ ሥራ ቢዛወር የዕረፍትና የጡረታ መብቱ ከመጀመሪያ ቅጥሩ ይታሰብለታል፤ መስመር ለመምረጥና ከሥራ ላለመቀነስ የሚቆጠረው ተራ ግን እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራል። ሃያ ዓመት የነዳ የሃምሳ ዓመት ሰው ከሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት በታች ይሰለፋል፤ ሌሊቱም የእርሱ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ አድልዎው መፈጸሙን ተቀበለ፤ በቅን ልቦና የተመሠረተ የነባርነት ሥርዓት ግን ከሕጉ በፊት የነበረውን አድልዎ ቢያስቀጥልም ሕገ ወጥ አይደለም አለ። የሰሌዳው ተራ በፍርድም ጸና።

ይህ ሁሉ ሲሆን የምርመራው ክፍል ምን ይሠራ ነበር? በ1970 የተሻሻለው የፌዴራል ደንብ ዝቅተኛውን ዕድሜ 21 አድርጎ ከፍተኛ ጣሪያ አላስቀመጠም። በእያንዳንዱ ዓይን 20/40 እይታ ጠየቀ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱትን ከለከለ፣ የምስክር ወረቀቱም ቢበዛ በየ24 ወሩ እንዲታደስ አዘዘ። በወረቀት ላይ ሲታይ ዕድሜን በምርመራ የተካ ደንብ ነው። በተግባር ግን ለረጅም ዘመን የሥራ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሐኪም፣ ደንቡን ያንብብም አያንብብ፣ መፈረም ይችል ነበር። በ1990 በኦሪገን የተቀጠረ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የግራ ዓይኑ እይታ 20/200 ሆኖ ሳለ ብቁ ነህ የሚል ፊርማ አገኘ። ስሕተቱ የታወቀው በ1992 ከሥራ ላይ ጉዳት አገግሞ ሲመለስ በተደረገለት ምርመራ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ተሰናበተ፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1999 ለአሠሪው ተወሰነ። ከአሥር ዓመት በላይ የነዳው ልምድ አልረዳውም።

በዚያው በ1999 በኒው ኦርሊንስ አጠገብ አንድ አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ 22 መንገደኞች ሞቱ። ሹፌሩ ከባድ የልብና የኩላሊት ሕመም ነበረበት፤ የኩላሊት እጥበትም ይደረግለት ነበር። የጤና ምስክር ወረቀት ግን በኪሱ ነበር። ዕድሜው 46 ነበር፤ ማንም አረጋዊ አይለውም። በሽታውን ገልጦ የተናገረ ሹፌር መስመሩንም ተራውንም ስለሚያጣ ዝምታን የሚመርጥበት ምክንያት ለሐኪም እንግዳ አይደለም። ቀላል ሥራ ተለዋጭ ሆኖ በማይቀርብበት ቦታ ነባርነት ራሱ ሕመምን ያስደብቃል፤ የሚጠፋው ብዙ ነውና። ከአደጋው ወዲህ በተደረገው ግፊት በ2005 ሕግ ወጣ፤ ከ2014 ሜይ ወር ጀምሮም ሠልጥነውና ተፈትነው በብሔራዊ መዝገብ የገቡ መርማሪዎች ብቻ እንዲፈርሙ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ወደ ግለሰብ ምዘና ይበልጥ አዘነበለ። በ2018 የስኳር ሕመማቸው የተረጋጋ ኢንሱሊን ወሳጆች፣ በ2022 ደግሞ በአንድ ዓይናቸው መመዘኛውን የማያሟሉ ሹፌሮች በየዓመቱ እየተመረመሩ እንዲነዱ ተፈቀደ። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥን በሚመለከት የተጀመረው ደንብ ግን በ2017 ተተወ። ይህ ያሳዝናል፤ በ2016 የወጣ ጥናት ሕመሙ ተገኝቶባቸው የአየር ግፊት መሣሪያውን ያልተጠቀሙ የጭነት መኪና ሹፌሮች፣ መከላከል ይቻሉ የነበሩ ከባድ አደጋዎችን በአምስት እጥፍ ያህል እንዳደረሱ አሳይቶ ነበር።

በ1980 ገበያው ነጻ ሲደረግ የማኅበሩ ኃይል ተዳከመ፤ በብዙ ድርጅቶችም የነባርነት ሰሌዳው ጠፍቶ ክፍያ በማይል ሆነ። በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ሙያውን የጀመሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የገቡት በአብዛኛው ወደዚህኛው ገበያ ነው። ሰሌዳው በቀረበት ቦታ ነባሩን ከሌሊት ጉዞ የሚጠብቀው ውል የለም፤ አዲሱንም የሚያግድ ተራ የለም። ሰሌዳው ከቆየባቸው ድርጅቶች አንዱ የሆነው የሎው በ2023 ጁላይ 30 ሥራውን ሲያቆም 30 ሺህ ያህል ሠራተኞች ተበተኑ፤ 22 ሺህ ያህሉ የቲምስተርስ አባላት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሹፌር ወደ ሌላ የማኅበር ድርጅት ሲገባ ተራው ከታች ይጀምራል። በስድሳ ዓመቱ እንደገና ስልክ የሚጠብቅ ተጠባባቂ ሆኖ ወደ መርማሪው ሲቀርብ በኪሱ ያለው የምስክር ወረቀት የተጻፈው ቀን ይነዳ በነበረበት ጊዜ ነው።